ሮስተርና ሞዴል፦ የአንድ ፈተና ኮሚቴ ማስታወሻ፣ 2017

ጥቅምት 4

ዛሬ ከመዝገብ ቤት ሁለት ወረቀት ተበድሬ ወጣሁ። አንዱ የአምና የ12ኛ ክፍል ሮስተር፣ የዓመቱ የማርክ መዝገብ ነው። ሌላው የእነዚያው ልጆች የብሔራዊ ፈተና ውጤት። መምህራን ክፍል ገብቼ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸውና ማስመሪያ እያስደገፍኩ ስም በስም ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ልጅ ሮስተሩ ላይ በሂሳብ 84 አለው። ብሔራዊው ላይ 31። ቀጥላ ያለችው 79 አላት። ብሔራዊው ላይ 27። አምስተኛው ስም ላይ ስደርስ ማስመሪያውን አስቀመጥኩት። 84ቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። 79ኙንም እንዲሁ።

የፈተናው ታሪክ ለማንም አዲስ አይደለም። የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው ተፈተኑ። ስልክ ቀረ። በዋዜማው የሚዞር መልስ ቀረ። ያን ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 ደግሞ 5.4። እኛም ሻይ ቤት ተቀምጠን "ፈተናው ከበደ" ስንል ሁለት ዓመት ሞላን።

ከብዶ ይሆናል። ግን አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። 27 ያመጣችው ልጅ ዓመቱን ሙሉ እኔ ክፍል ተቀምጣ ግምትን የበለጠችው በ2 ነጥብ ነው። በእኔ ብዕር ግን 79 ነበረች።

ወረቀቶቹን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየመምህሩ እንዳይወጣ፣ በትምህርት ቤት ደረጃ አንድ ወጥ ፈተና እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። ከገና በፊት አንድ ሞዴል፣ ማለትም የልምምድ ፈተና፣ በወረቀት። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሞዴል፣ እሱ በኮምፒውተር። ብሔራዊው ከ2016 ጀምሮ ከፊሉ በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ማውዝ የነኩት በቁጥር ነው። ርዕሰ መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "በል እንግዲህ፣ ኮሚቴውን አንተው ምራው" አለኝ። ሐሳብ ማምጣት ዕዳ ነው።

ጥቅምት 12

የመምህራን ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

የፊዚክሱ መምህር ከሁላችንም ይበልጣሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። "እኔ ቢጋር የሚባል ነገር ሳላውቅ ነው መሐንዲስና ሐኪም ያፈራሁት" አሉ። ውሸት የለውም፤ ከነዚያ ሐኪሞች አንዱ እኔን አክሞኛል። "ጋሼ፣ እርስዎን የሚነካ ነገር የለውም። የእኔ ፈተና ነው ያሳፈረኝ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ግን መስማማት አይደለም።

ቁም ነገሩን ያወጣችው የኬሚስትሪዋ መምህርት ናት። "ዝቅተኛ ማርክ ከሰጠሁ ወላጅ ይመጣል። ከወላጅ በኋላ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ከዚያ ለምን ብዙ ተማሪ ወደቀ ተብዬ ሪፖርት ጻፊ እባላለሁ። ሰማንያ ከሰጠሁ ግን ማንም አይመጣም፣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቶሎ ቆመ። ደብተር ለያዘ 10፣ ለግሩፕ ወርክ 10 (አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስም የሚጽፉበት)፣ ለአሳይመንት 10። ልጁ ፈተና ሳይቀመጥ 30 ይዞ ይጠብቀናል።

ማታ ቤቴ የራሴን የአምና ማጠቃለያ ፈተና ቢጋር ውስጥ አስገባሁት። ቢጋር ማለት ሌላ ነገር አይደለም፣ ሰንጠረዥ ነው። ወደ ታች ምዕራፎቹ ይደረደራሉ። ወደ ጎን ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር። አንድ ምዕራፍ ስንት ክፍለ ጊዜ ፈጀ? በዚያው ልክ ጥያቄ ይወጣለታል። የእኔ ፈተና 40 ጥያቄ ነበረው። 29ኙ ማስታወስ ሥር ወደቀ። 17ቱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ባዶውን ቀረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ ከ2011 ጀምሮ አለ፣ እኔም በየዓመቱ ቀኑን ብቻ ቀይሬ ነው የማባዛው።

ኅዳር 6

ጥያቄ ማውጣት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጥያቄው ራሱ ቀላል ነው። መከራው የተሳሳቱት ሦስት ምርጫዎች ናቸው። ሁለት አሳሳች ምርጫ አገኛለሁ፣ ሦስተኛው ላይ እደክምና "ሁሉም መልስ ናቸው" ብዬ እገላገላለሁ። ጎበዝ ያልሆነ ልጅ እንኳ ይህንን ምርጫ ሲያይ ዓይኑ ይበራል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርን። የልጆቹን ደብተር ሰብስበን ስህተታቸውን ለቀምን። ለምሳሌ የድምር ካሬ። 5 ሲደመር 3፣ ተደምሮ ካሬ ሲሆን 64 ነው። በቁጥር ከሆነ ማንም አይስትም። በቁጥሩ ፈንታ ፊደል ሲገባ ግን ግማሹ ክፍል የሁለቱን ካሬ ደምሮ ያልፋል፣ መሃል ያለውን ይጥለዋል። ያ የተጣለበት መልስ ምርጫ ቢ ሆኖ ገባ። ልጁ እሱን ካጠቆረ የቱ ጋ እንደሳተ በትክክል አውቃለሁ ማለት ነው። ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር ይህንን አይነግረኝም።

የጂኦግራፊው መምህር ይሄ ነገር ገብቶታል። ስለ ጣና አንድ ጥያቄ አወጣ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ ጣና መጨረሻ የሌለው ገደል ይመስለዋል። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ነው እንጂ ትልቅ ያደረገው፣ ጥልቀቱ አይደለም። ምርጫዎቹ ውስጥ 140 ሜትር አስገባ። "ቆይ ታያለህ፣ ሙሉ ክፍሉ ዘሎ እዚያ ነው የሚገባው" አለኝ። ክፉ ሰው።

ከሌላ አገር መጽሐፍ እንዳለ የተቀዳ ጥያቄም አገኘን። ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ አደረግነው። ሂሳቡ ያው ነው።

ታኅሣሥ 11

የመጀመሪያው ሞዴል፣ በወረቀት። 148 ተፈታኝ፣ 50 ጥያቄ በየትምህርቱ፣ አራት ኮድ (ጥያቄው ያው፣ አደራደሩ ሌላ)። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ኮዳቸው አይገናኝም።

ሌሊቱን ማባዣው ማሽን ወረቀት ሲበላ አደረ። ጠዋት ፈተናው ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው የኮድ 3 ጥራዝ ገጽ 5 እንደሌለው አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ነገረችን። ገጹን ለብቻው አባዝተን እየሮጥን አደልን። 25 ደቂቃ ዘገየን። መነሻው እኔ ነኝ፤ አንድ ጥራዝ ቆጥሬ ሌሎቹን በእምነት ነው ያለፍኳቸው።

የመልስ ወረቀቱ ላይ ያየሁትን ልጻፍ። ዘጠኝ ልጆች ኮዳቸውን አላጠቆሩም። አራቱ በእርሳስ ፈንታ በእስክሪፕቶ ሞሉ። አንዱ ክቡን ከማጥቆር ይልቅ ራይት አደረገበት። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው። 14ኛው ጥያቄ ከብዶት ዘለለው፤ መልስ ወረቀቱ ላይ ግን ረድፉን ሳይዘል 15ኛውን መልስ 14 ላይ አጠቆረ። ከዚያ እስከ 50 ያለው በሙሉ በአንድ ረድፍ ተንሸራተተ። ከ50 16 አመጣ። ወደ ቦታው መልሼ ሳርመው 38 ነበር። የያዝኩለት ግን 16 ነው። በዋናው ፈተና ማንም ወደ ቦታው አይመልስለትም። ጠርቼ ሳሳየው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየና "ቲቸር፣ እንኳን ዛሬ ሆነ" አለኝ።

የሚያስቅም ነገር አለ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ከ1 እስከ 50 አንድ ዓይነት ፊደል አጥቁረዋል። ፊደሉ አንድ ነው፣ ኮዱ ግን ሁለት። ቀጂው ከ50 ያገኘው 8 ነው። ኩረጃ ከግምት በታች ሲያወርድ በዓይኔ አየሁ።

ታኅሣሥ 15

እርማቱ አለቀ። በሂሳብ አማካዩ 29 ከመቶ ነው። እሱ አላስደነገጠኝም። ዛሬ ያስደነገጠኝ የጥያቄዎቹ ትንተና ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ወረቀቱን ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ትደረድራለህ። ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታችም 27 በመቶውን ትወስዳለህ። ለእኛ 40 እና 40 ሆነ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ ስንቱ መለሱ? ከታችኞቹስ? ልዩነቱን ለ40 ታካፍላለህ። 0.3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥያቄው ጎበዙን ከሰነፉ ይለያል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ዝም ብሎ ወረቀት የያዘ ጥያቄ ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ ችግሩ ያለው ልጁ ጋ አይደለም።

31ኛው ጥያቄ ከዜሮ በታች ወረደ። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 15 መልሰውታል። ይህ ሊሆን አይችልም ብዬ ጥያቄውን ራሴ ሠራሁት። መልሱ ዲ ነው። ቁልፉ ላይ ቢ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከላይኞቹ 29ኙ ዲን አጥቁረዋል። 29 ልጅ በትክክል ሠርቶ በእኔ ስህተት ዜሮ ተሰጠው። በትንተና ባይሆን ኖሮ በሕይወቴ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ ሳርም ኖሬ ይሆን? እሱን ባስብ እንቅልፍ የለኝም፣ ተውኩት።

23ኛው ግን ሌላ ጉድ ነው። አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ጥያቄው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነውና። መልሱ 7/8 ነው። ከ148ቱ ያገኙት 33 ብቻ ናቸው፤ ዓይን ጨፍኖ ከማጥቆር ያነሰ። 91ዱ የመረጡት 3/8ን ነው። 3/8 ደግሞ በትክክል አንዴ ብቻ የመውጣት ዕድል ነው።

በዕረፍት ሰዓት አንዲት 3/8 ያጠቆረች ልጅ ጠራሁ። ጥያቄውን ወረቀት ሳላሳያት በአማርኛ ነገርኳት። "ዘውድ ወይስ ጎፈር ሦስት ጊዜ ብንጫወት፣ ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣቱ ነገርስ?" ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። "ስምንት ዓይነት አወጣጥ አለ። ጭራሽ ዘውድ የማይወጣው በአንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰባቱ።" ግማሽ ደቂቃም አልፈጀባትም። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት፣ "አት ሊስት" የሚለውን፣ በጣቴ አሳየኋት። "ይሄ ምን ማለት ነው?" አልኳት። "ትንሹ ማለት አይደለም እንዴ?"

ዓመቱን ሙሉ ፕሮባቢሊቲ አላወቀችም ስል ነበር። ፕሮባቢሊቲውን ታውቀዋለች።

ታኅሣሥ 26

የወላጆች ቀን። ውጤቱ ስለወረደ ግቢው ሞላ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ የባሰው ግን ሳይቆጣ የመጣው ነው።

አንዲት እናት ዓሣ ከሚሸጡበት ከሐይቁ ዳር እንደወጡ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው። የሞዴሉን ውጤት አሳየኋቸው። ከጉያቸው ፌስታል አወጡ። ውስጡ የልጃቸው ካርዶች ናቸው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንድም ያልተጨማደደ። "መምህር፣ እኔ ማንበብ እንኳ አልችልም። ቁጥሩን ግን ሰዎች ያነቡልኛል። ሰማንያ ነው፣ ሰባ ስምንት ነው ይሉኛል። ታዲያ ይሄ የምን ካርድ ነው?"

"እናቴ፣ የኛ ጥፋት ነው" አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ፌስታሉ ውስጥ መልሰው አስገቡ። "ልጁን አትተዉብኝ ብቻ" ብለውኝ ሄዱ።

ጥር 20

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በቢጋር ወጣ፣ በኮድ ተሰጠ፣ በትንተና ታረመ። ሁለት መምህራን ሮስተር ከመግባቱ በፊት ለሁሉም 10፣ 10 ቦነስ ጨምረው ነበር። ተነጋገርን። አንዱ አነሳው፣ ሌላኛው አላነሳም። ይለፍ።

የካቲት 10

ኮምፒውተር ቤት። 38 ዴስክቶፕ አለ። አብዛኛው በእርዳታ ያገኘነው ነው፣ ዕድሜውን አትጠይቁኝ።

የአይሲቲው መምህር ከስምንት ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። እስካሁን "ቲቸር" ነው የሚለኝ፣ አንተ በለኝ ብለው እምቢ አለ። ሁሉንም አብርተን ቆጠርን። የተነሱት 21 ናቸው። ከተነሱት 17ቱ ጥቁር ስክሪን ላይ "ኤፍ 1 ተጫን" ብለው ይቆማሉ። እኔ ሞተዋል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ሳቀብኝና ክዳኑን ፈታ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 የሚሏት። እሷ ካለቀች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑንም የራሱን ሴቲንግም ይረሳል። በየጠዋቱ ማንነቱን የሚረሳ ሽማግሌ በለው። የ17ቱን ባትሪ ገዝተን ቀየርን። ካልተነሱት ውስጥ ደግሞ ከአንዱ ራም፣ ከሌላው ፓወር ሰፕላይ እየነቀልን 9 አስነሳን። 30 ሆኑ።

ኢንተርኔት አያስፈልገንም። ሙድል የሚባለውን ፈተና የሚሰጥበት ነጻ ሶፍትዌር አንድ ላፕቶፕ ላይ ጫንን። እሱ ሰርቨር፣ ፈተናውን ለሌሎቹ የሚያድል ሆነ። ሌሎቹ በስዊች (ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን) እና በኬብል ከሱ ጋር ተያያዙ። ኬብሉን ጥቅል ገዝተን ጫፉን ራሳችን ነው የመታነው። የሽቦው ቀለም አደራደር ይኸው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሦስተኛውን ነጭ አረንጓዴ ብሎ አራተኛውንም አረንጓዴ ማድረግ ያምራል፣ ልብ ደስ ይለዋል፣ በደንብ አይሠራም። አረንጓዴው የሚገባው ስድስተኛ ላይ ነው። እኔ የመታኋቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ኬብሎች በሙሉ ተቆርጠው ተጣሉ።

መጋቢት 13

ቅዳሜ። የሙከራ ፈተና በ30 ልጆች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ መብራት ጠፋ።

ይጠፋል ብለን ነበር። የፈለግነውም ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። 30ው ስክሪን እኩል ጠቆረ፣ ክፍሉ "ውይ!" አለ። ሰርቨሩ ላፕቶፕ ስለሆነ በባትሪው ቀጠለ። ስዊቹን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ ላይ ሰክተነዋል። መብራቱ ከ35 ደቂቃ በኋላ መጣ። ልጆቹ ተመልሰው ሲገቡ መልሶቻቸው አሉ፤ ሙድል በየአንድ ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል። አንድ ልጅ የመጨረሻዋን መልስ ብቻ አጣ።

የጠፋው ሰዓቱ ነው። የፈተናው ሰዓት አይጠብቅም፣ መብራት ጠፍቶም ይቆጥራል። ሲመለሱ 35 ደቂቃቸው ተበልቷል። አንዲት ልጅ 6 ደቂቃ ብቻ ቀርቷት ስታይ ማልቀስ ጀመረች። የአይሲቲው መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ እየገባ ሰዓት ጨመረ። እሱ ራሱ 10 ደቂቃ ፈጀ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት በጠፋበት ደቂቃ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይጨምራል፣ ልጆቹ እስኪመለሱ አይጠብቅም። ደብተሬ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ።

ሌላው ነገር እጅ ነው። ስልክ ላይ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ስክሪኑን በጣታቸው ይነኩታል፣ ዝም ሲላቸው ደግመው ይነኩታል። ማውዝ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ አንስቶ መሃል መመለስ እንደሚቻል የማያውቁ ሰባት ነበሩ። አንዱ ከነወንበሩ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

መጋቢት 26

ጾም ነው። ብዙዎቹ ልጆች እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። የከሰዓቱን ቱቶሪያል ወደ ጠዋት አዞርነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚሰማ ጆሮ የለም፣ የሚያስተምር ጉልበትም የለም።

የእንግሊዝኛዋ መምህርት የሠራችው ነገር ከእኔ ኮምፒውተር ሁሉ ይበልጣል። ከየትምህርቱ የድሮ ብሔራዊ ፈተናዎች የጥያቄ ቃላትን ለቀመች። የሳይንስ ቃላትን ትታ ጥያቄ የሚያዙትን ብቻ፦ አት ሊስት፣ አት ሞስት፣ ኤክሰፕት፣ ሪስፔክቲቭሊ፣ ኮንሴኪዩቲቭ። በቀን አምስት ቃል በየክፍሉ ሰሌዳ ጥግ ላይ ይጻፋል። የትኛውም መምህር ሲገባ ከአምስቱ አንዱን ተጠቅሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የስፖርት መምህሩ ጭምር። "ከጎል ጠባቂው በስተቀር ሁላችሁም ሩጡ" ሲል በእንግሊዝኛ ሰማሁት። ጎል ጠባቂውም ሮጠ።

ግንቦት 14

ሁለተኛው ሞዴል፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር። 144 ልጅ፣ 30 ኮምፒውተር፣ አምስት ዙር። የፈራሁት ቀድሞ የወጣው ዙር ለሚገባው እንዳይነግር ነው። ሙድሉ ከጥያቄ ባንካችን በየቢጋሩ ሳጥን እየመዘዘ ለየልጁ የተለያየ ፈተና ይሰጣል፤ ክብደቱ ተቀራራቢ፣ ጥያቄው ሌላ። በር ላይ "ምን መጣ?" ብለው ሲጠያየቁ ሰማሁ። በሦስተኛው ዙር መጠያየቁን ተዉት።

መብራት አንዴ ጠፋ፣ ለ12 ደቂቃ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ከኋላ ያለ ልጅ "ሰዓቱን እየጨመሩልን ነው፣ ዘና በሉ" ሲል ለሌሎቹ ሰማሁት።

በሂሳብ አማካዩ 37 ሆነ። ከ29 ነው የተነሳነው። 50 ያለፉት አሁንም ጥቂት ናቸው፣ አላጋንንም። "አት ሊስት" ያለበትን ጥያቄ ግን ከግማሽ በላይ መልሰውታል። የሽግሽጉ ልጅ፣ በወረቀት ሞዴል ከ50 16 ያመጣው፣ 72 ከመቶ አመጣ። የተዘለለ ጥያቄ እዚህ ረድፍ አያዛባም፣ እሱን ኮምፒውተሩ ነው የረዳው። የጣናው ጥያቄ ደግሞ ይኸው፦ ከደረሳቸው ልጆች ሁለት ሦስተኛው አሁንም 140 ሜትር ነው የሚሉት። የጂኦግራፊው መምህር ቀኑን ሙሉ እየተንጎራደደ ዋለ።

ትንተናውን ሙድሉ ራሱ ያወጣዋል፣ ወረቀት መደርደር ቀረ። ከዜሮ በታች የወረዱ አራት ጥያቄዎች አሉ። ሦስቱ የእኔ አይደሉም።

ግንቦት 18

ጋሼ ዛሬ ከሰዓት መምህራን ክፍል መጡ። ባለፈው ጥቅምት እኔ እንዳደረግኩት ሁለት ወረቀት ይዘዋል፣ ማስመሪያም ይዘዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ዘረጉት። አንዱ የፊዚክስ ተከታታይ ምዘናቸው ነው። ሌላው የሞዴሉ ውጤት። በእርሳስ ከታች አማካዩን ጽፈዋል። መጀመሪያ 76 እና 30 ነበር። አሁን 58 እና 39።

"46 ነበር ልዩነቱ" አሉ። "19 ሆነ።"

"ጋሼ፣ መቼ ሠሩት?"

"ማታ ማታ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ 19ኙ ከየት መጣ ብዬ ፈለግሁት። ግሩፕ ወርኩ ነው። ዘንድሮም ሰጥቻለሁ።" ትንሽ ዝም አሉ። "የ11ኛው ቢጋር የታለ?"

ገና እንዳልተጀመረ ነገርኳቸው። ባዶ ሰንጠረዡን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ምዕራፎቹን በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁኝ፤ እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ፣ የት አውቃለሁ። ሰነዱን ሊያመጡ ተነሱ።